ድንክዬው ፈረስ ወደ ትርኢት ሜዳ ሲገባ

ከብዙ ሰው ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ መቅረብ የሚያስጨንቀው የሰውን ልጅ ብቻ አይደለም። በብሪታንያ በየዓመቱ በሞቃቱ ወራት በሚደረገው የእርሻና የከብት ትርኢት ላይ፥ ከጥቂት ወራት በፊት ከእናቱ ጋር በተራራ ላይ ሣር ሲግጥ የነበረ አንድ ውርንጭላ፥ ድምፅ ማጉያ በሚጮኽበትና ጭብጨባ በሚያስተጋባበት ሜዳ መካከል ቆሞ ይታያል። ጆሮውን ቀስሮ፥ አፍንጫውን ነፍቶ፥ መውጫውን ይፈልጋል። ያን ቀን ያየውን ፈረስ ቶሎ አይረሳውምና፥ ባለቤቶቹ ለዚህ ቀን እንዴት እንደሚያዘጋጁት ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ልናቀርብ ወደድን።

በመጀመሪያ ስለ ፈረሱ ዘር እንናገር። እንግሊዞች «ፖኒ» የሚሉት ድንክዬ ፈረስ በአገራቸው ብዙ ዓይነት ነው። በዌልስ ተራሮች፥ በኤክስሙርና በዳርትሙር ነፋሻ ደጋዎች፥ በስኮትላንድ ከፍተኛ ቦታዎችና በሼትላንድ ደሴቶች የሚገኙት ሁሉ ብርድንና ዝናብን ችለው፥ ደካማ ሣር በልተው የኖሩ ናቸው። የሼትላንዱ ቁመት ከ107 ሳንቲ ሜትር፥ የዌልስ ተራራው ደግሞ ከ122 ሳንቲ ሜትር ገደማ እንዲበልጥ አይፈቀድለትም። እነዚህ ፈረሶች የቅንጦት እንስሳት አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1842 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ሴቶችና ከ10 ዓመት በታች የሆኑ ወንዶች ልጆች በማዕድን ጉድጓድ ውስጥ እንዳይሠሩ ከከለከለ በኋላ፥ የድንጋይ ከሰሉን ጋሪ ከመሬት በታች እንዲጎትቱ ብዙ የሼትላንድ ፈረሶች ወርደዋል።

መኪና ሥራቸውን ሲወስድባቸው የዘራቸው ነገር አሳሳቢ ሆነ። የኤክስሙር ፈረሶች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት 50 ያህል ብቻ እስኪቀሩ ድረስ ተመናምነው ነበር። ዘራቸውን በመዝገብ የሚጠብቁ ማኅበራት ግን ቀደም ብለው ተቋቁመዋል፤ የሼትላንዱ በ1890፥ የዌልሱ በ1901፥ የኤክስሙሩ በ1921 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ተመሥርተዋል። ስለዚህ ትርኢቱ ጨዋታ ብቻ አይደለም። የትኛው ድንጉላ፥ የትኛይቱስ ባዝራ ዘሩን ለመቀጠል የተሻለ እንደሆነ በአደባባይ የሚመረመርበት ሸንጎ ነው። በዌልስ ይህ ሸንጎ እ.ኤ.አ. በ1904 ዓ.ም. በአበሪስትዊዝ ተጀምሮ፥ ከ1963 ዓ.ም. ወዲህ ላኔልወድ በተባለው ቋሚ ቦታ በሐምሌ ወር ይደረጋል።

እንግዲህ ወደ ውርንጭላው እንመለስ። ትምህርቱ የሚጀምረው በሜዳው ላይ ሳይሆን በቤቱ ነው። አስቀድሞ ብረት የሌለው የራስ ማሰሪያ ይለምዳል፤ ቀጥሎ በግራው በኩል ከሚሄደው ሰው ጋር ሳይጎተትና ሳይጎትት መራመድን ይማራል። ከዚያም ሲታዘዝ ቀጥ ብሎ መቆም፥ በሶምሶማ መሮጥ፥ እግሩን ሲያነሡለት ዝም ማለት፥ እንግዳ ሰው ሲዳስሰው አለመደንገጥ ይከተላል። ውርንጭላ እንደ ሕፃን ቶሎ ይሰለቻልና ትምህርቱ አጭር መሆን አለበት። ብልህ አሠልጣኝ ትምህርቱን የሚያቆመው ፈረሱ ደኅና አድርጎ በሠራበት ሰዓት ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ዓለምን ማሳየት ነው። በመኪና የሚጎተተውን የፈረስ ማጓጓዣ፥ የተዘረጋ ጃንጥላ፥ ውሻና የሕፃናት ጩኸት ሁሉ አንድ በአንድ ያስለምዱታል። ብዙዎቹም አንድ ቀን ለውድድር ሳያስመዘግቡ፥ ልማድ ካለው ትልቅ ፈረስ ጋር ወደ ትንሽ የመንደር ትርኢት ወስደው ዳር ቆሞ እንዲመለከት ያደርጋሉ። ትንሹ ትልቁን አይቶ፥ ያ ሳይደነግጥ እርሱም መደንገጡን ይተዋል።

ቀኑ ሲደርስ ፈረሱ ታጥቦና ተቦርሾ ይቀርባል እንጂ እንደ ሌሎቹ የትርኢት ፈረሶች ጋማው አይጎነጎንም። ያገር ፈረስ ተፈጥሮው እንዳለ መታየት አለበት የሚል ልማድ አለና፥ ረዥም ጋማውና ጭራው ክብሩ ነው። በሜዳው ዳር ዙሪያውን ከሌሎች ጋር ይዞራል፤ ተራው ሲደርስ በዳኛው ፊት ይቆማል። ዳኛው እግሩን፥ ኮቴውንና ትከሻውን ይመረምራል፤ ከዚያም በእርምጃ ሄዶ በሶምሶማ እንዲመለስ ያዛል። ለአንደኛው ቀይ፥ ለሁለተኛው ሰማያዊ ጥብጣብ ይሰጣል።

ነገሩ የሚበላሸው ይህ ጥብጣብ የባለቤቱን ዓይን ሲያሳውር ነው። አንዳንዱ ፈረሱ ወዝ አግኝቶ ዳኛውን እንዲያስደስት እያለ እህልና ለምለም ሣር ያበዛበታል። በድኻ ሣር እንዲኖር የተፈጠረው አካል ግን ጥጋቡን አይችለውም፤ በኮቴው ውስጥ ያለው ሥጋ ይቆጣና ላሚናይቲስ የተባለው ሕመም ይይዘዋል። በሽታው የጸናበት ፈረስ መራመድ ያቅተዋል፤ አንዳንዴም ከሥቃዩ ለማሳረፍ ሲባል እንዲሞት ይደረጋል። ሌላው ደግሞ የልጅነት ጊዜውን ያሳጥርበታል። በደንቡ መሠረት ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ያለው ፈረስ በእጅ እየተመራ ብቻ ይታያል፤ በኮርቻ የሚቀርበው ከአራት ዓመቱ ጀምሮ ነው። ደንቡ ያለ ምክንያት አልወጣም፤ ያልጠነከረ አጥንት ሸክም አይችልምና።

ሦስተኛው ጥፋት ቁጣ ነው። ፈረሱ በፍርሃት ዘሎ ተራውን ቢያበላሽ፥ ከሜዳው ወጥቶ የሚገርፈው ባለቤት አይታጣም። እንስሳው ግን ሽንፈትን አያውቅም፤ የሚያውቀው ሜዳው ከሕመም ጋር የተያያዘ መሆኑን ብቻ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ከማጓጓዣው አልወርድም ቢል ማን ይወቀሳል? አባቶቻችን «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ያሉት እዚህም ላይ ይሠራል። ውድድሩ የሰው እንጂ የፈረስ አይደለም።

ስለዚህ ዕውቀት ያላቸው ባለቤቶች ከመጀመሪያው ትርኢት የሚፈልጉት ጥብጣብ ሳይሆን፥ ፈረሱ ተረጋግቶ ገብቶ ተረጋግቶ መውጣቱን ነው። ስድስተኛ የወጣ ግን ሳይፈራ ወደ ቤቱ የተመለሰ ውርንጭላ፥ በላብ ተጠምቆ አንደኛ ከወጣው ይልቅ የነገ ተስፋ አለው ይላሉ።

ይህን ስናነብ ከየትምህርት ቤቱ ወጥተው በየመሥሪያ ቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገቡት ወጣቶች ትዝ አሉን። አዲሱን ሠራተኛ በመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ፋይል አሸክሞ፥ በመጀመሪያው ስሕተት በሰው ፊት የሚያዋርድ አለቃ፥ ያልጠና አጥንት ላይ ኮርቻ የሚጭነውን ሰው ይመስላል። ከጎኑ አንድ ልማድ ያለው ባልደረባ አቁሞ ሥራውን እያየ እንዲለምድ የሚያደርገው ግን አገሩን ለብዙ ዓመታት የሚያገለግል ሰው ያተርፋል። ጀማሪውም ወጣት ቢሆን የመጀመሪያው ቀን ጥብጣብ ቢያመልጠው ሊያዝን አይገባውም፤ ሜዳው ነገም በቦታው አለ።