ሚዛን የማይለየው ስብ

ለበዓል በግ ያረደ ሁሉ ሁለት ዓይነት ስብ መኖሩን በዓይኑ አይቷል። አንደኛው ከቆዳ ሥር በሥጋው ላይ የተኛው ጮማ ሲሆን፣ ሁለተኛው ጨጓራንና አንጀትን እንደ ነጠላ ሸፍኖ የሚገኘው ሞራ ነው። በሰውም ገላ ውስጥ ሁለቱ ይገኛሉ፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ስለሆነም ስቡ ምን ያህል ነው ከሚለው ይልቅ የት ተከማችቷል የሚለው ጥያቄ ስለ ጤና የበለጠ ይናገራል።

ይህንኑ ቀድመው ካስተዋሉት ሐኪሞች አንዱ የማርሴዩ ፈረንሳዊ ዣን ቫግ ነበሩ። እኒህ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1947 በላይኛው አካል ላይ የሚከማቸውን ውፍረት በዳሌና በጭን ላይ ከሚከማቸው ለዩ፤ በ1956 ደግሞ የመጀመሪያውን ከስኳር በሽታ፣ ከደም ሥር መደደርና ከሪህ ጋር አያያዙት። በ52 አገሮች በ27,000 ያህል ሰዎች ላይ ተካሂዶ በ2005 የወጣ ጥናትም፣ የልብ ድካምን አደጋ ለመገመት ከክብደት ይልቅ የወገብና የዳሌ ንጽጽር እንደሚሻል አሳይቷል።

ከምክንያቶቹ አንዱ ሞራው የሚለቀው ስብ በደም ሥር በኩል በቀጥታ ወደ ጉበት መግባቱ ነው። ጉበት በስብ ሲጨናነቅ የኢንሱሊንን ትእዛዝ አይሰማም፤ ስኳርም በደም ውስጥ ይበዛል። የዳሌና የጭን ጮማ ግን የያዘውን ስብ በቀላሉ አይለቅም። በ2004 አሜሪካ ውስጥ ለ15 ወፍራም ሴቶች ከሆዳቸው ቆዳ ሥር በአማካይ 10 ኪሎ ገደማ ስብ በቀዶ ሕክምና ተወግዶላቸው ነበር፤ የደም ግፊታቸውም ሆነ የስኳር ሁኔታቸው አልተሻሻለም። ሞራው አልተነካማ!

በጦር ሠፈር የሚያሳስበው እግሩና ክንዱ ቀጥኖ ሆዱ የተገፋው ሰው ነው። ክብደቱ ደህና ነው፤ ቀበቶውንም ከቦርጩ በታች ዝቅ አድርጎ ስለሚታጠቅ ቀዳዳው ከዓመት ዓመት አይለወጥም። እንዲህ ያለው አባወራ በባለቤቱ ዳሌ ስፋት ሲቀልድ መስማት ያስገርማል፤ ለሐኪም መታየት የሚገባው እሱ ነውና። ይሁን እንጂ የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ የሴቶችም ስብ ወደ ሆድ ስለሚያዘነብል እናቶችም መለካት ይገባቸዋል።

ድሮ ሞራ ገላጮች የታረደውን በግ ሞራ ዘርግተው የሚመጣውን ይተነብዩ ነበር፤ ለሰው ግን የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ቀጥ ብለው ቆመው፣ ትንፋሽዎን በዝግታ አውጥተው፣ በመጨረሻው የጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል ይለኩ። ሆድን መሳብ ራስን ማታለል ነው። ወገብ ለወንድ ከ94፣ ለሴት ከ80 ሳንቲሜትር ካለፈ አደጋው መጨመር ይጀምራል፤ ከ102ና ከ88 ሲያልፍ ደግሞ እጅግ ይከፋል። ወይም ወገብዎ ከቁመትዎ እኩሌታ እንዳይበልጥ ያድርጉ፤ ቁመቱ 170 ለሆነ ሰው 85 ማለት ነው።

ተጋድሞ እየተነሡ ሆድን ማሠራት ጡንቻ ያጠነክራል እንጂ የሆድን ስብ ለይቶ አያቀልጥም። ሲጋራና መጠጥ ደግሞ ያባብሱታል። ፈጣን እርምጃና ሩጫ ዘወትር ሲዘወተሩ ሞራው ይቀንሳል፤ ሚዛኑ ፈቀቅ ሳይል ሜትሩ ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ሊያጥር ይችላል።