ላፕቶፓችሁ ለምን ድርግም ይላል? ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት

የመመረቂያ ጽሑፋችሁን እየጻፋችሁ ላፕቶፑ ድርግም ይላል። መልሳችሁ ታበሩታላችሁ፤ ትንሽ ቆይቶ ያው ነው። ጓደኛ ብታማክሩ መልሱ የታወቀ ነው፦ «ፎርማት አስደርጉት!»

ቆዩ እስቲ። ፎርማት ፋይሎቻችሁን ሊያሳጣችሁ ይችላል። ችግሩ ሙቀት ወይም ባትሪ ከሆነ ደግሞ ምንም አይፈይድም። ስለዚህ ላፕቶፑ በበራበት አጋጣሚ መጀመሪያ ፋይሎቻችሁን ወደ ፍላሽ ገልብጡ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ እንዴት ነው የሚጠፋው?

መጀመሪያ ቀርፎ፣ ከዚያ ከጠፋ

ሙቀትን ጠርጥሩ። ፕሮሰሰር የሚጠቀመው ኤሌክትሪክ በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ሙቀት ይለወጣል። ብዙዎቹ ፕሮሰሰሮች ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጉ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ሙቀቱ አሁንም ከጨመረ ማሽኑ ራሱን ያጠፋል። ማለትም መጥፋቱ መከላከያ ነው።

ሙቀቱን የሚያወጣው በፋኑ የሚነፍሰው አየር ነው። አልጋ ላይ ስትጠቀሙ ብርድ ልብሱ የአየር መግቢያውን ይደፍናል፤ አቧራም እንዲሁ። ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ በባሕር ጠረፍ ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው። ፋኑ እዚያው ፍጥነት ላይ ቢሽከረከርም ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያነሰ ነው።

ሙከራው ቀላል ነው፤ ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አድርጋችሁ ያንኑ ሥራ ሥሩበት። መጥፋቱን ካቆመ ወይም ቶሎ ቶሎ መጥፋቱ ከቀነሰ ፋኑን አስጸዱ።

ሳይቀርፍ፣ ሳይሞቅ ከጠፋ

የኤሌክትሪክ ነገር ሊሆን ይችላል። ያረጀ ባትሪ «30 በመቶ» እያለ ድንገት ሊሞት ይችላል፤ ውስጣዊ ተቃውሞው ስለሚጨምር ፕሮሰሰሩ ብዙ ከረንት ሲጠይቀው ቮልቴጁ ይወርዳል። አንድ ጊዜ በባትሪ ብቻ፣ ሌላ ጊዜ ቻርጀር ሰክታችሁ ሞክሩት። ገመዱ ሲነካካ ከጠፋ ቻርጀሩን ወይም መሰኪያውን ተጠራጠሩ። ባትሪው ካበጠ ግን ሙከራ የለም! አጥፉት፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪውን አትጫኑት፣ አትብሱት፤ ወደ ባለሙያ ውሰዱት።

መልእክት አሳይቶ ከጠፋ

በዊንዶውስ ላይ ሰማያዊ ስክሪን (በአዳዲሶቹ ጥቁር) ከመጣ ስክሪኑ ላይ ያለውን የስህተት ኮድ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ብዙውን ጊዜ ተጠርጣሪዎቹ ድራይቨር ወይም ራም ናቸው። ላፕቶፑን በ«ሴፍ ሞድ» አስነሱት፤ በዚህ ሁኔታ የሚሠሩት አስፈላጊዎቹ ድራይቨሮች ብቻ ናቸው። እዚያ ሰላም ከሆነ በቅርቡ የጫናችሁትን ፕሮግራም ወይም ድራይቨር አስታውሱና አንሱት። እዚያም ከጠፋ በዊንዶውስ ውስጥ ያለውን የሜሞሪ መመርመሪያ አስኪዱ።

ስታክ አድርጎ ከቀረ

ፋይል ለመክፈት ብዙ ከቆየ፣ ወይም ከሃርድ ዲስኩ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ ዲስኩ ሊሞት ይሆናል። ያልገለበጣችሁት ፋይል ካለ አሁኑኑ!

በሁሉም ሙከራ አንድ ሕግ ጠብቁ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ቻርጀርም ድራይቨርም አብራችሁ ቀይራችሁ ቢድን የትኛው እንዳዳነው አታውቁም። ያያችሁትን በማስታወሻ ያዙ። ጥገና ቤት ስትሄዱ «ይጠፋል» ከማለት ይልቅ «ጌም ስከፍት በ10 ደቂቃ ይጠፋል፤ ጽሑፍ ስጽፍ ግን አይጠፋም» ካላችሁ ባለሙያው ከየት እንደሚጀምር ያውቃል። ምናልባትም ፎርማቱም፣ ወጪውም ይቀርላችኋል።