ከጎጆዋ የወደቀች ጫጩት

በክረምት የአዲስ አበባ ግቢዎች የወፍ ጎጆ ይበዛባቸዋል። ድንቢጥ ከጣሪያ ክዳን ሥር፣ ዋኔ በጽድ ቅርንጫፍ መሐል፣ ሌሎችም በየአጥሩ ቁጥቋጦ ውስጥ ይፈለፍላሉ። ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ሲዘንብ ባደረ ማግሥት አንድ ልጅ እጁን ጨብጦ እየሮጠ ይገባና መዳፉን ሲከፍት ዓይኗን ያልገለጠች ጫጩት ትታያለች። ቤተሰቡ ይረባረባል፤ አንዱ ወተት፣ አንዱ ዳቦ፣ ሌላው ውኃ ያመጣል። ርኅራኄው ከልብ ነው። ችግሩ ከውድቀቱ የተረፈችው ጫጩት በዚሁ ጉርሻ ልትሞት መቻሏ ነው።

ከሁሉ በፊት ዕድሜዋን ማየት ያስፈልጋል። ገላዋ ራቁቱን ከሆነ፣ ወይም ላባዋ ገና ከሽፋኑ ሳይወጣ እንደ እሾህ የቆመ ከሆነ፣ ከጎጆ የምትወጣበት ጊዜ አልደረሰም፤ ርዳታ ትሻለች። ላባ ለብሳ፣ ጅራቷ አጠር ብሎ፣ እየዘለለች ከቁጥቋጦ ወደ ቁጥቋጦ የምትሸሽ ከሆነ ግን ምንም አልሆነችም። ብዙ ወፎች ከጎጆ የሚወጡት በቅጡ መብረር ሳይችሉ ነው። ጥቂት ቀን መሬት ለመሬት ይውላሉ፤ እናትና አባታቸውም እየተመላለሱ ያጎርሷቸዋል። እንዲህ ያለችውን አንሥቶ ቤት ማስገባት ከወላጆቿ መንጠቅ ነው። ውሻና ድመት ማራቅ፣ መንገድ ላይ ከሆነች አጠገቡ ወዳለ ቁጥቋጦ ማስጠጋት ይበቃል። ወላጆቹ ሰው ቆሞ እያየ አይወርዱም። ከመስኮት ጀርባ ሆኖ አንድ ሁለት ሰዓት የታገሠ ሰው ግን እናቲቱ በምንቃሯ አባጨጓሬ አንጠልጥላ ስትመጣ ሊያይ ይችላል።

የሰው እጅ የነካትን ጫጩት እናቷ ትጥላታለች የሚባለው እውነት አይደለም። ጎጆው የሚደረስበት ቦታ ላይ ካለ፣ ያልተጎዳችን ጫጩት መልሶ ማስገባት ከሁሉ የተሻለው ሕክምና ነው። ጎጆው ከፈረሰ ደግሞ ውኃ እንዳያቁር ሥሩ የተበሳሳ ትንሽ ቅርጫት ደረቅ ሣር ጎዝጉዞ እዚያው ዛፍ ላይ አጥብቆ ማሰር ይቻላል። ከመመለሷ በፊት ግን ሰውነቷ መሞቅ አለበት፤ ብርድ ያደነዘዛት ጫጩት አፏን አትከፍትም፣ ወላጆችም አፉን ለከፈተው ነው የሚያጎርሱት።

ክንፏ የተንጠለጠለ፣ የደማች፣ ወይም ድመት አፍ ውስጥ የገባች ከሆነች ነገሩ ሌላ ነው። ድመት የያዛት ጫጩት ደህና ብትመስል እንኳ መታመን የለበትም። የድመት ጥርስ ቀጭን ስለሆነ ቀዳዳው ላባ ሥር ተሸፍኖ ይቀራል፤ በምራቋ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ግን ደም ውስጥ ይገባሉ። ጫጩቷ በዚያው ቀን ከሐኪም እጅ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ካላገኘች በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ልትሞት ትችላለች።

የመጀመሪያው ርዳታ ሙቀት ነው፤ ምግብ ከዚያ በኋላ ይመጣል። የወፍ የሰውነት ሙቀት ከእኛ ይበልጣል፤ የብዙዎቹ ከ40 እስከ 42 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ራቁቷን ያለች ጫጩት ይህን ሙቀት በራሷ መጠበቅ አትችልም፤ የቀዘቀዘ አንጀቷም የጎረሰችውን አይፈጭም። ካርቶን ጎኑን በስቶ፣ ውስጡ ሶፍት የተነጠፈበት ትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ማስቀመጥ፤ ለብ ያለ ውኃ የተሞላ ሃይላንድ በፎጣ ጠቅልሎ በአንድ በኩል ማስጠጋት፤ ከዚያ ክዳኑን ገጥሞ ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ መተው። ጨለማው ድንጋጤዋን ያበርድላታል። ጥጥና ክር ጥፍሯ ላይ ስለሚጠመጠም አይሆንም፤ የሚያንሸራትት ጋዜጣም እግሯን ፈርክሶ ያስቀረዋል። ልጆች በየደቂቃው ክዳኑን ከፍተው ማየት ይፈልጋሉ፤ መከልከል ነው።

ውኃ በአፏ ጠብ ማድረግ ትልቁ አደጋ ነው። ወፍ አፏን ስትከፍት ምላሷ ሥር የምትታየው ትንሽ ቀዳዳ የአየር ቧንቧዋ መግቢያ ናት። ጠብ ያደረግነው ውኃ በዚያች ገብቶ ሳንባዋ ይደርሳል። ጫጩት የሚያስፈልጋትን ውኃ ከምግቧ ታገኛለች። ወተትም ወፍ የምትፈጨው ነገር አይደለም፤ ተቅማጥ ያስይዛታል። ዳቦና እንጀራ ሆድ ይሞሉ እንደሆነ እንጂ ላባና አጥንት አይሠሩም።

ታዲያ ምን ትብላ? ይህ በዘሯ ይወሰናል። አዋቂዋ ድንቢጥ እህል ለቃሚ ብትሆንም ልጆቿን በመጀመሪያዎቹ ቀናት የምታሳድገው በነፍሳት ነው። ስለዚህ ጭንቅላቱና እግሩ የተነቀለ ትንሽ ፌንጣ፣ ተቀቅሎ የደቀቀ እንቁላል፣ በውኃ ርሶ የለሰለሰ የድመት ምግብ በደነዘዘ ወረንጦ ጫፍ እየተያዘ ይሰጣታል። ካርቶኑ ነካ ሲደረግ አንገቷን መዝዛ አፏን ትበረግዳለች፤ ጉርሻው ወደ ጉሮሮዋ ጠልቆ ይገባል። ከዚያ ዘወር ብላ ጅራቷን ታነሣና በስስ ሽፋን የተጠቀለለ ነጭ ኩስ ታወጣለች። በጎጆ ቢሆን እናቷ በምንቃሯ አንሥታ ትጥለዋለች፤ እኛም በሶፍት እናነሣዋለን። ሽፋኑ ጠፍቶ ውኃ ውኃ ካለ ምግቡ አልተስማማትም ማለት ነው። ይህ ሁሉ ከንጋት እስከ ምሽት በየግማሽ ሰዓቱ ይደጋገማል፤ ሥራ የሚውል ሰው ብቻውን አይወጣውም። መዘለልም የለበትም። በእድገት ላይ ያለ ላባ ጫጩቷ በተራበችበት ቀን ስስ መስመር ይሠራበታል፤ ኋላም በዚያ መስመር ላይ ሊሰበር ይችላል።

የዋኔና የርግብ ጫጩት ከዚህ ፈጽሞ ትለያለች፤ እኔንም ከሁሉ ይልቅ የምታስደንቀኝ እሷ ናት። አፏን አትከፍትም። ምንቃሯን በወላጇ አፍ ውስጥ ከትታ ነው የምትመገበው። እናትም አባትም አንገታቸው ሥር ካለው የምግብ ከረጢት ግድግዳ ፕሮቲንና ስብ የበዛበት፣ አይብ የመሰለ ምግብ ያመነጫሉ። የርግብ ወተት የሚባለው ይህ ነው፤ ጫጩቶቹ የመጀመሪያዎቹን ቀናት የሚያሳልፉት በእርሱ ብቻ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው አልበላ አለች ብሎ ምንቃሯን በግድ ይፈለቅቃል። ላባ ማብቀል ለጀመረች የዋኔ ጫጩት የሚሻለው የፌስታል ጥግ በትንሹ ቆርጦ፣ ውስጡ የላመ እሸት አተር አድርጎ፣ ምንቃሯን በቀዳዳው እንድታስገባ ማስለመድ ነው። ራሷ እየገፋች ትበላለች።

የተሰበረ ክንፍ ቤት ውስጥ አይታሰር። ወፍ እንደ እኛ ድያፍራም የላትም፤ የምትተነፍሰው የደረት አጥንቷን ከፍ ዝቅ እያደረገች ነው። ደረቷን አጥብቆ ያሰረ ሰው ትንፋሿን አፈነ ማለት ነው። የወፍ አጥንት ቶሎ ስለሚጋጠም ጠምሞ ከመጋጠሙ በፊት ሐኪም ጋ መድረስ አለባት። አብዛኞቹ የእንስሳት ሐኪሞቻችን የሚያውቁት ከብትና ዶሮ ቢሆንም ስብራትን ማየትና የመድኃኒት መጠን መወሰን ይችላሉ፤ በቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ። ቤት ውስጥ ዶሮ ያለው ሰው ጫጩቷን ከዶሮዎቹ ያርቅ፤ ፈንግልን የመሰለ በሽታ ከአንዱ ወደ ሌላው ሊሻገር ይችላል። እጅ መታጠብም ለእሷም ለቤተሰቡም ነው።

የተረፈችው ጫጩት ቀጣይ ፈተና ሰውን መልመዷ ነው። ትከሻ ላይ የምታርፍ ወፍ ለልጆች ደስታ ናት፤ ውጭ ስትወጣ ግን ከሰውም ከድመትም አትሸሽም። እ.ኤ.አ. በ1982 የካሊፎርኒያ ኮንዶር የተባለው ግዙፍ ጥንብ አንሳ በዓለም ላይ 22 ብቻ ቀርቶ ነበር። ከጥፋት ለማዳን በሳንዲያጎ መካነ አራዊት ጫጩቶች ሲያድጉ፣ ተንከባካቢዎቹ ከመጋረጃ ጀርባ ተደብቀው የኮንዶር ራስ በሚመስል የእጅ አሻንጉሊት ያጎርሷቸው ነበር፤ ሰው እንዳያዩ። እኛ ቤት አሻንጉሊት አያስፈልግም። አለማሻሸት፣ ስም አለማውጣት፣ ከምግብ ሰዓት ውጭ አለመቅረብ፣ ከተቻለ ከሌላ ጫጩት ጋር ማሳደግ በቂ ነው። የዱር ወፍን ያለ ፈቃድ ቤት አስቀርቶ ማኖር ሕጉም አይፈቅድም፤ ከአቅም በላይ ሲሆን የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ማማከር ይገባል።

ራሷ እየለቀመች መብላት ስትጀምር፣ በወንፊት ሽቦ በተከለለ ሰፊ ቦታ ከጫፍ ጫፍ መብረር ስትችልና ላባዋ ዝናብ የማያስገባ ሲሆን የመለቀቂያዋ ጊዜ ደርሷል። ዝናብ የሌለበት ጠዋት ይመረጣል፤ ቦታውም የተገኘችበት ሰፈር ቢሆን ይሻላል። ወደ ላይ አትወረወርም፤ በሩ ተከፍቶላት በራሷ ትወጣለች። የለመደችው ምግብ በዚያው ቦታ በዚያው ሰዓት መቀመጡ ይቀጥላል። ብዙዎቹ ለጥቂት ቀናት እየመጡ ይበላሉ፤ ከዚያ ምልልሱ ይሳሳል። ምግቡ የሚነሣው እሷ መምጣቷን ስትተው ነው።