የባለ ቁልፍ ስልክ አያያዝ



የእርሻ መሣሪያ ሲባል ሞፈርና ቀንበር፣ ማረሻና ማጭድ ብቻ አይደለም። በኪሳችሁ የያዛችሁት ባለ ቁልፍ ስልክም መሣሪያ ነው፤ ስለዚህ እንደ ማረሻው ሁሉ ጥንቃቄ ይገባዋል።

ምሳሌ እንስጥ። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ በአገራችን ስንዴ ላይ ከባድ ጥፋት አድርሷል። ዋግ በነፋስ የሚዛመት በሽታ ስለ ሆነ፣ ምልክቱ እንደ ታየ ቶሎ መርጨት ያስፈልጋል። እኔ በምሠራበት ወረዳ አንድ ገበሬ በስንዴው ቅጠል ላይ ቢጫ ዱቄት አይቶ ሊደውልልኝ ቢነሣ፣ ስልኩ ውኃ ገብቶበት ኖሮ አልከፈት አለው። በምድጃ ዳር ሊያደርቀው ቢሞክር ጨርሶ ተበላሸ። መልእክቱ እስኪደርሰኝ ቀናት አለፉ፤ ዋጉም ማሳውን ይዞ ቆየኝ።

በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የገበሬዎች ነፃ የስልክ መስመር 8028 ምክር የሚሰጠው ቁልፍ በመጫን ነው። ኢንተርኔት አይጠይቅምና ውድ ስልክ መግዛት አያስፈልግም፤ ያለውን በደንብ መያዝ ይበቃል። ይኸውም እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ባትሪው ፈጽሞ እስኪያልቅ አትጠብቁ። የሊቲየም ባትሪ በመካከል ቢሞላ አይጎዳም፤ የሚጎዳው ሙቀት ነው። ስለዚህ ከምድጃና ከፀሐይ አርቁት።

ሁለተኛ፤ ኔትወርክ በደከመበት ሸለቆ ስልኩ ማማውን ሲፈልግ ባትሪውን ይጨርሳል። እዚያ ስትውሉ አጥፉት፤ ወደ ከፍታ ስትወጡ ክፈቱት።

ሦስተኛ፤ ውኃ ቢገባበት ወዲያው ባትሪውንና ሲም ካርዱን አውጡ። በደረቅ ጨርቅ ጠርጋችሁ፣ ነፋስ ባለበት ጥላ አንድ ሁለት ቀን አቆዩት። «ይሠራ እንደ ሆነ ልየው» ብሎ እርጥቡን መክፈት ጉዳቱን ያብሳል።

አራተኛ፤ ባትሪውን በጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ በጣት አሽከርክሩት። እንደ እንዝርት ከዞረ አብጧል ማለት ነውና ለውጡት። ያበጠውን አትብሱት፤ ሊቃጠል ስለሚችል በእሳትም አትጣሉት፤ ከልጆች እጅ አርቁት።

አምስተኛ፤ የልማት ሠራተኛችሁን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ በቤት አኑሩ። ስልኩ ቢጠፋ በጎረቤት ስልክ ትደውላላችሁ።

ስልኩን ዛሬ ማታ አውጥታችሁ መርምሩ። ዋግ የሚመጣበትን ቀን አስቀድሞ አይነግርምና።