«ሽሮፕ ነው እንጂ ስኳር አይደለም»

ገርጂ ወዳለው የምክር ክፍሌ የመጡ አንዲት እናት፣ ገና ሳይቀመጡ ከቦርሳቸው የቅጠል ሥዕል ያለበት ጠርሙስ አወጡ።

«ልጄ ከቶሮንቶ ይዛልኝ መጣች። የዛፍ ሽሮፕ ነው፤ ስኳር የለበትም። ጠዋት ጠዋት ጨጨብሳዬ ላይ አደርግበታለሁ።»

የስኳር ልኬታቸውን የመዘገቡበትን ደብተር ገለጥኩ። ቁጥሩ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሽቅብ ወጥቷል።

«ስንት ማንኪያ፣ እማማ?»

«ኧረ እንዲያው ፈሰስ ነው የማደርገው።»

ሽሮፑ የሚወጣው ሜፕል ከሚባል፣ በካናዳና በአሜሪካ ከሚበቅል ዛፍ ነው። ብርዱ ሊለቅ ሲል ግንዱ ተበስቶ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ይቀዳል፤ 40 ሊትር ያህሉ ሲፈላ 1 ሊትር ሽሮፕ ይወጣዋል። ተንኖ የሚሄደው ውሃው ነው፤ ስኳሩ ይቀራል። እሱም በአብዛኛው ሱክሮስ፣ ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ያው ስኳር ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሽሮፕ 12 ግራም ገደማ፣ ማለትም ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ይይዛል። በዚያው ማንኪያ የተለካ ማር ደግሞ 17 ግራም ይደርሳል። ሽሮፑ ማንጋኒዝ አለው ይባላል፤ እውነት ነው፣ ግን እሱ ጤፋችንም ውስጥ ሞልቷል።

ጥፋቱን ከልጅቷም ከእናትየዋም አላየሁትም፤ ያሳሳታቸው ስሙ ነው። በሽታውን «ስኳር» ብለን ስለጠራነው፣ ነጩን ስኳር የተወ ሰው የተጠነቀቀ ይመስለዋል። «ሽሮፕ» ደግሞ በእኛ ቤት የሳል መድኃኒት ነው። ማርም ያው የመድኃኒት ስም አለው። መድኃኒትን ማን ይጠረጥራል? የዓለም ጤና ድርጅት ግን በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ማርንም፣ ሽሮፕንም፣ የፍራፍሬ ጭማቂንም ከስኳር ጋር ደምሮ ይቆጥራል፤ ቢቻል ሁሉም ተደምሮ ለአንድ ጤነኛ አዋቂ በቀን ከ25 ግራም ገደማ እንዳያልፍ ይመክራል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሽሮፕ ብቻውን እዚያ ጫፍ ያደርሳል።

«ታዲያ ልድፋው?» አሉኝ።

«አይድፉት፤ የልጅ ስጦታ አይደፋም። አልፎ አልፎ በሻይ ማንኪያ ለክተው ይቅመሱት፤ ከስኳር ይቁጠሩት።»

ከዚያ ወዲህ ታካሚዎቼን «ስኳር ይወስዳሉ?» ብዬ መጠየቅ ትቻለሁ። «ከትናንት ጀምሮ ምን የሚጣፍጥ ነገር ቀመሱ?» እላለሁ። ፊት «ኧረ እኔ ስኳር አልነካም» ይሉኝ የነበሩ ሰዎች አሁን ጣት ማጠፍ ይጀምራሉ፦ ፈጢራ በማር፣ አንድ ብርጭቆ የማንጎ ጭማቂ፣ ለቅሶ ቤት የጠጡት ለስላሳ...