እምቦጭና ቅንጨ አረም፦ ከዳሞታ ግርጌ እስከ አባያ ሐይቅ

በዳሞታ ተራራና በዙሪያው የሚዘንበው ዝናብ በሁለት አቅጣጫ ይወርዳል። ከፊሉ ወደ ምዕራብ ፈስሶ ከኦሞ ወንዝ ሲቀላቀል፣ ቀሪው በሐመሳና በብላቴ ተፋሰሶች አድርጎ ወደ አባያ ሐይቅ ይገባል። ጎርፉ ብቻውን አይጓዝም፤ ከማሳ የታጠበ አፈር፣ ከአፈሩ ጋር የተዋሃደ ማዳበሪያ፣ ከከተማ ቦዮች የተጠረገ ቆሻሻ፣ እንዲሁም ከዓይን የሚሰወር ጥቃቅን የአረም ዘር ይዞ ይወርዳል። በወላይታ ዞን መጤ ወራሪ አረምን የመከላከል ሥራ ለአንድ ማሳ ባለቤት ወይም ለሐይቅ ዳር ነዋሪ ብቻ የማይተወው በዚህ ምክንያት ነው። ዳገት ላይ የተዘነጋ አረም ውሎ አድሮ ቆላው ላይ ይበቅላል።

ወራሪ የሚባለው የትኛው ነው?

ከውጭ የመጣ ተክል ሁሉ ወራሪ አይደለም። በቆሎ፣ ስኳር ድንችና ቦሎቄ መነሻቸው የአሜሪካ አህጉር ቢሆንም ዛሬ የወላይታ አርሶ አደር የዕለት ጉርስ ናቸው። ወራሪ የሚባለው ያለ ሰው እገዛ የሚራባ፣ በትውልድ አገሩ የሚያጠቁት ነፍሳትና በሽታዎች አብረውት ስላልመጡ ልጓም ያጣ፣ ነባሩን ተክል ገፍቶ ቦታውን የሚይዝ ተክል ነው። በኢትዮጵያ ከፍተኛ ጉዳት ካደረሱት መካከል እምቦጭ፣ ቅንጨ አረም በመባል የሚታወቀው ፓርቲኒየም፣ የወፍ ቆሎ፣ እንዲሁም በአፋር ሰፊ የግጦሽ መሬት የያዘው ፕሮሶፒስ ይገኙበታል።

እምቦጭ በአባያ

የእምቦጭ መነሻ የደቡብ አሜሪካው የአማዞን ተፋሰስ ነው። በኢትዮጵያ መኖሩ መጀመሪያ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ ሲሆን፣ በጣና ሐይቅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ታውቋል። በአባያ ሐይቅም አረሙ ተስፋፍቶ የነባር የውኃ ዕፅዋትን ዓይነት መቀነሱን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት አመልክተዋል።

አባያ ከ1 ሺህ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው፣ በስምጥ ሸለቆ ካሉት የኢትዮጵያ ሐይቆች ትልቁ ነው። ስፋቱ ግን ከጥልቀቱ ጋር አይመጣጠንም፤ ውኃው ጥልቀት የለውም፣ ቀለሙም ወንዞች በሚያመጡት ደለል ቀላ ያለ ነው። ደለሉ አብሮት የሚያመጣው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ለእምቦጭ ምግብ ይሆናል። አረሙ ምቹ ሁኔታ ሲያገኝ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ በእጥፍ ሊባዛ ይችላል። ከእናት ተክሉ ጎን እየተሠነጠቀ ይራባል፤ ከዚህም ሌላ ዘሩ ደለል ውስጥ ተቀብሮ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል።

ሐይቁን እንደ ምንጣፍ ሲሸፍን ብርሃንና አየር ወደ ውኃው እንዳይገባ ያግዳል። ዓሣዎች የሚራቡበት ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ቀድሞ ይጎዳል። የአሣ አጥማጁ መረብ ይጠላለፋል፣ ጀልባ መውጫ ያጣል፣ የመስኖ መሳቢያ ይደፈናል፣ ከብት ወደ ውኃ የሚወርድበት መንገድ ይዘጋል። በአረሙ ሥር የወባ ትንኝና የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣ መጠለያ ያገኛሉ። እንደ አበላ አባያ ባሉ ከሐይቁ ጋር በሚዋሰኑ ወረዳዎች ጉዳዩ የገቢም የጤናም ጉዳይ ነው።

በማሳና በመንገድ ዳር ያለው ጠላት

ቅንጨ አረም ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ የመነጨ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከእርዳታ እህል ጋር ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ይታመናል፤ መጀመሪያ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱም የድሬዳዋ አካባቢ ነበር። አንዱ ተክል ከ15 ሺህ በላይ ዘር ሊያፈራ ይችላል። በበቀለ በአንድ ወር ገደማ ማበብ ይጀምራል፤ እርጥበት እስካገኘ ድረስም በማንኛውም ወቅት ይበቅላል።

በምሥራቅ ኢትዮጵያ በማሽላ ላይ የተደረገ ጥናት፣ አረሙ በወቅቱ ካልተወገደ ምርቱን ከ40 እስከ 97 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል አሳይቷል። ጉዳቱ ከማሳ ያልፋል። ከብቶች አማራጭ አጥተው ሲበሉት የወተቱ ጣዕም መራራ ይሆናል፤ በወተትና በቅቤ ለምትታወቀው ወላይታ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። ሰው ደጋግሞ ሲነካው ቆዳን ያሳክካል፣ ያቆስላል፤ ብናኙም እንደ አስም ያለ የመተንፈስ ችግር ያስከትላል።

አረሙ ከቦታ ወደ ቦታ የሚዛመተው በሰው ኑሮ መንገድ ነው። አሸዋና ጠጠር የጫነ መኪና፣ ከሌላ አካባቢ የተገዛ የእንስሳት መኖ፣ ያልተበጠረ ዘር፣ የትራክተር ጎማ ላይ የተጣበቀ ጭቃ ሁሉ ያጓጉዙታል። በሶዶ ከተማ መንገድ ዳርና በባዶ ቦታ የሚበቅል አንድ ቁጥቋጦ ለአጎራባች ቀበሌ ማሳ የዘር ምንጭ ሊሆን ይችላል።

የተከለለ መሬትስ?

በሁምቦ ወረዳ በ1998 እና 1999 ዓ.ም. አካባቢ የተጀመረው የደን ማገገም ሥራ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። 2 ሺህ 728 ሔክታር የተራቆተ ተራራማ መሬት ከልቅ ግጦሽና ከጭፍጨፋ ተጠብቆ፣ በአፈር ውስጥ ሕይወት የነበራቸው ጉቶዎች እንደገና እንዲያቆጠቁጡ ተደርጓል። መሬቱን የሚጠብቁት ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሲሆኑ፣ ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በ2009 በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት ሥርዓት ተመዝግቦ ከካርቦን ሽያጭ ገቢ አግኝቷል።

ቅንጨ አረም ፀሐይ ወዳድ ነው፤ የዛፍ ጥላና ጥቅጥቅ ያለ ሣር ባለበት ይደክማል። ስለዚህ በሚገባ የተከለለና የተሸፈነ መሬት ራሱ መከላከያ ነው። ክፍተቱ የሚፈጠረው በእግር መንገድ፣ በተቆፈረ እርከንና በተቃጠለ ቦታ ላይ ነው። እዚያ ላይ ዴሾ ሣር ወይም የዝሆን ሣር ቢተከል እርከኑን ያጠናክራል፣ መኖ ይሰጣል፣ ለአረሙም ቦታ አይተውም። ዴሾ ከጎረቤት ጋሞ ጨንቻ የተስፋፋ ነባር የኢትዮጵያ ሣር በመሆኑ አርሶ አደሩ ያውቀዋል።

የወፍ ቆሎ ግን የተለየ ክትትል ይሻል። ለአጥርና ለጌጥ የተተከለው ይህ ቁጥቋጦ ፍሬውን ወፎች በልተው ዘሩን በተከለለ ደን ውስጥ ይበትኑታል። ቅጠሉን የበላ ከብት ሊመረዝ ይችላል። ከላይ ብቻ ሲቆረጥ እንደገና ስለሚያቆጠቁጥ ከሥሩ ተቆፍሮ መውጣት አለበት።

ዘመቻ ብቻውን ለምን አይበቃም?

በጣና ሐይቅ በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ሰፊ ሕዝብ የተሳተፈበት የእምቦጭ ነቀላ ዘመቻ ተካሂዷል፤ ማሽኖችም ተሰማርተዋል። ከዳርቻው ብዙ አረም ቢወጣም እምቦጩ ተመልሷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የተረፉት ጥቂት ተክሎች ይባዛሉ፣ ደለል ውስጥ ያለው ዘር ይበቅላል፣ ምግቡ የሆነው ጎርፍም አልተቋረጠም። የአንድ ወር ሥራ የብዙ ዓመት ዘርን አይጨርስም።

በቪክቶሪያ ሐይቅ ዩጋንዳና ኬንያ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እምቦጭን ብቻ የሚመገቡ ነቀዝ መሰል ጥንዚዛዎችን ለቅቀው አረሙን በእጅጉ መቀነስ ችለዋል። ከዓመታት በኋላ ከባድ ዝናብ ንጥረ ነገር ወደ ሐይቁ ሲያስገባ ግን አረሙ እንደገና አገርሽቷል። በኢትዮጵያም ቅንጨ አረምን የሚመገብ ዚጎግራማ የተባለ ጥንዚዛ ከምርመራ በኋላ በወለንጪቲ አካባቢ ተለቅቋል። ይህ እሾህን በእሾህ የማውጣት ዘዴ ጊዜ ይወስዳል፤ መከናወን ያለበትም በምርምር ተቋማት ብቻ ነው። ነፍሳትን በግል ማዘዋወር ሌላ አደጋ ይጋብዛል።

ምን መደረግ አለበት?

የመጀመሪያው መመሪያ ጊዜ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው። ቅንጨ አረም ነጭ አበባ ሳያወጣ፣ የበልግ ዝናብ አፈሩን ባለሰለሰበት ወቅት ከነሥሩ መነቀል አለበት። ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ያው ቦታ ዳግም ይታያል፤ ክረምት ሲገባም ይደገማል። ጓንት፣ ረጅም እጅጌና የአፍንጫ መሸፈኛ ያስፈልጋል፤ አስም ወይም የቆዳ አለርጂ ያለበት ሰው በነቀላው ባይሳተፍ ይመረጣል። ሳያብብ የተነቀለው ለኮምፖስት ሊውል ይችላል፤ ያበበው ግን ዘሩ ሳይበተን በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ይወገዳል።

እምቦጭ ሲነቀል ጎርፍ ከማይደርስበት ርቀት ላይ ተከምሮ መድረቅ አለበት። ዳር ላይ የተተወ እምቦጭ በቀጣዩ ዝናብ ወደ ውኃው ይመለሳል። በአባያ ዳርቻ አዞና ጉማሬ ስላሉ ነቀላው በቡድንና በጠባቂ ይከናወናል፤ ቦቲ ጫማም የግድ ነው። መረብና ጀልባ ከአንድ ውኃ ወደ ሌላ ከመወሰዱ በፊት መታጠብ አለበት። ይህ በተለይ የወላይታን ምዕራባዊ ጠረፍ ለሚነካው የጊቤ 3 ሰው ሠራሽ ሐይቅ ወሳኝ ጥንቃቄ ነው። አበባው ያማረ ቢሆንም እምቦጭን በጓሮ ኩሬ ማሳደግ አይገባም። ፀረ አረም ኬሚካል በውኃ ዳር በዘፈቀደ መርጨትም ዓሣንና የመጠጥ ውኃን ይጎዳል።

የደጋው አርሶ አደር ድርሻ እርከን መጠገን፣ ማዳበሪያን ከከባድ ዝናብ በፊት አለመበተን እና በወንዝ ዳር ያልታረሰ የሣር ጠርዝ መተው ነው። የከተማ ነዋሪው ድርሻ ቆሻሻን ወደ ቦይ አለመጣልና ደጁን ከአረም ማጽዳት ነው። የማያውቁት ተክል በማሳ፣ በተከለለ መሬት ወይም በውኃ ዳር የታያቸው ሰዎች ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ቶሎ ቢያሳውቁ፣ ሥራው በአንድ ሰው እጅ በአንድ ጠዋት ሊያልቅ ይችላል። ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ግን ያው ተክል የወረዳ ሕዝብ ዘመቻ ይጠይቃል።