መንጃ ፈቃድ፣ የዐይን ብሌን እና የእድር ጡሩምባ

የወንድሜ ልጅ ባለፈው ቅዳሜ ከባሕር ዳር ወደ ቁንዝላ ሲመጣ ሁለተኛው ቡና እየተቀዳ ነበር። የባጃጅ መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ነው፤ የጤና ምርመራውን ጨርሷል። «እቴቴ፣ አንዱን ዐይኔን በእጄ ሸፍኜ ግድግዳው ላይ ያለውን ምልክት እስከ ታችኛው መስመር ለየሁት» አለኝ ደስ ብሎት። እናቴ ዱካዋ ላይ ተቀምጣ ሰማችው። እሷ ወደ ውስጥ የሚያድግ የሽፋሽፍት ፀጉሯን በወረንጦ እየነቀለች ብዙ ዓመት የኖረች፣ ቆይታም የዐይን ቆቧን በቀዶ ሕክምና የተሠራች ሴት ናት። ማየት ምን እንደሆነ ከሁላችንም ይበልጥ ታውቃለች።

እኔ ያሰብኩት ሌላ ነው። ይህ ልጅ አሜሪካ ወይም እንግሊዝ ቢሆን ኖሮ ከመንጃ ፈቃዱ ጋር አንድ ጥያቄ ይቀርብለት ነበር፤ ከሞትህ በኋላ አካልህን ለታመመ ሰው ለመለገስ ትፈቅዳለህ ወይ? በእኛ አገር ቅጽ ላይ ይህ ጥያቄ የለም። ቢኖር እንዴት ይሠራል? ለልጁ ያስረዳሁትን እነሆ።

በአሜሪካ በ1968 እ.ኤ.አ. አንድ ሞዴል ሕግ ወጣ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ክፍለ ግዛቶቹ ሁሉ ተቀበሉት። ሕጉ ሰው በሕይወት ሳለ ከሞት በኋላ ስለሚሆነው አካሉ በጽሑፍ እንዲወስን ፈቀደ። ታዲያ ጽሑፉ የት ይቀመጥ? ቤት ያለ ወረቀት ይጠፋል፤ ሰውም በጤናው ጊዜ ስለ ሞቱ ሊፈርም ብሎ ሆስፒታል አይሄድም። አዋቂ ሁሉ ለማለት ይቻላል የሚያልፍበት፣ ማንነቱ የሚጣራበት፣ ከዓመታት በኋላ ለማሳደስ የሚመለስበት ጠረጴዛ ግን አንድ ነው፤ የመንጃ ፈቃድ ቢሮው። እዚያ «እሺ» ያለ ሰው በካርዱ ላይ ምልክት ይደረግለታል፤ በብዙ ቦታ ትንሽ የልብ ሥዕል ነች። ስሙም መዝገብ ውስጥ ይገባል። በዚያ አገር ከተመዘገቡት 10 ለጋሾች ከ9 የሚበልጡት በዚህ በር የገቡ ናቸው።

ነገር ግን በሩን መክፈት ብቻውን አልበቃም። በካሊፎርኒያ በ2011 እ.ኤ.አ. መንጃ ፈቃድ የሚያወጣ ሁሉ የግድ «አዎ» ወይም «አይ» እንዲል ተደረገ። የተሻለ ውጤት ይመጣል ተብሎ ነበር፤ ሁለት ተመራማሪዎች ሲያጠኑት ግን ማስገደዱ ቁጥሩን አላሳደገውም። ሰው ተጣድፎ ሲጠየቅ «አይ» ይላል፤ ይህ በእኔም ቤት ያለ ጠባይ ነው። በኦሃዮ የተደረገው ለእኔ ይበልጥ ያስተምራል። ወደ ቢሮው ለሚገቡ ሰዎች 5 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ፣ ሥጋታቸውን የሚመልስ አጭር ፊልም አሳዩአቸው። ፊልሙን ካዩት ከ100 ሰዎች 84ቱ ፈቀዱ፤ ካላዩት 72ቱ። ሰዉ ያመነታው ደግነት አንሶት ሳይሆን የሚያስረዳው አጥቶ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ እኛ እንመለስ። ልብ፣ ጉበትና ኩላሊት ከሞተ ሰው የሚወሰዱት በአብዛኛው አንጎሉ ሞቶ በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ካለ ታካሚ ነው። ለዚያ የጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ ብዙ ባለሙያና ጥብቅ ሕግ ይጠይቃል። አዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ የተጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በሕይወት ያለ ዘመድ በሚሰጠው ኩላሊት ላይ የቆመ ነው። ዐይን ግን ልብ ከቆመች በኋላም ይወሰዳል። ስለዚህ በእኛ አገር የመንጃ ፈቃዱ ጥያቄ ከዐይን ብሌን ቢጀምር ነው የሚያዋጣው፤ ልጁም እኮ የተመረመረው ዐይኑን ነው።

«ብሌን ስትሉ ዐይኔን በሙሉ ነው?» አለኝ። አይደለም። የእጅ ሰዓቱን አሳየሁት። ከቁጥሮቹ በላይ ያለችውን መስታወት ብትጭራት ሰዓቱ ደህና ሆኖ ሳለ ማንበብ ያቅትሃል። በዐይናችን ፊት ያለችው ጥርት ያለች ሽፋን፣ ለጋሾችን የሚመዘግቡት ሰዎች «ብሌን» የሚሏት፣ እንደዚያች መስታወት ናት፤ መሐሏ ላይ ውፍረቷ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የደም ሥር የላትም፤ ኦክስጅን የምታገኘው ከእንባና ከአየር ነው። በዚህ የተነሣ የሰጪና የተቀባይ የደም ዓይነት መግጠሙ እንደ ኩላሊት አያስጨንቅም። ኤድዋርድ ዚርም የሚባል ሐኪም በታኅሣሥ 1905 እ.ኤ.አ. ዛሬ ቼክ በምትባለው አገር፣ ኖራ ዐይኑን ያቃጠለውን የቀን ሠራተኛ የሌላ ሰው ብሌን ተክሎለት እንዲያይ አድርጎታል።

በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የዐይነ ስውርነት ጥናት ከ100 ሰው 1.6 ያህሉ ማየት የተሳነው ሆኖ ተገኘ። ከማያዩት ውስጥ 11.5 በመቶው በትራኮማ፣ 7.8 በመቶው ደግሞ በሌላ ምክንያት ብሌናቸው የጠባሰ ነው። በትራኮማ ከየትኛውም ክልል በላይ የተጎዳውም የእኛው አማራ ክልል ነው። እዚህ ላይ ሐሰተኛ ተስፋ መስጠት አልፈልግም፤ ትራኮማ ያደረቀውና የደም ሥር ያበቀለበት ዐይን አዲስ ብሌን ቢተከልለት ብዙ ጊዜ አይቀበልም። ለትራኮማ የሚበጀው ቀድሞ ፊትን መታጠብ፣ መጸዳጃ ቤት፣ መድኃኒቱን መዋጥ፣ የሽፋሽፍቱ ፀጉር ብሌኑን ሳይጭር የዐይን ቆብን በጊዜ መሠራት ነው። ንቅለ ተከላው ይበልጥ የሚያድነው በአጨዳ ወቅት እሾህ ወይም ገለባ ወግቶት ዐይኑ የነጣበትን ገበሬ፣ ብሌኑ እንደ ሾጣጣ እየወጣ ማየት የተሳነውን ወጣት ነው።

የኢትዮጵያ ዐይን ባንክ የተቋቋመው በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ነው። የሚፈልግ ሰው የቃል መግቢያ ቅጽ ሞልቶ ይመዘገባል፤ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስም ቃል ገብተው ነበር። መነጽር ማድረግ ወይም የሞራ ቀዶ ሕክምና ማድረግ አያስከለክልም። ሰውየው ሲያርፍ ቤተሰብ ይደውላል፤ ባለሙያ መጥቶ ብሌኑን ያነሣል፤ ሥራው ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ኤችአይቪንና የጉበት ቫይረስን ለመመርመር ደም ይወስዳል። የዐይን ቆቡ ተከድኖ፣ ፊቱ እንደነበረ ለገናዦቹ ይመለሳል። ሁለቱ ብሌኖች ለሁለት ሰው ይሆናሉ።

እናቴ እስከዚህ ድረስ ዝም ብላ ነበር። የወንድሜ ልጅ፣ «እምዬ፣ ሰው ዐይኑን ሰጥቶ ከተቀበረ በትንሣኤ እንዴት ሊሆን ነው?» ሲላት ሲኒውን አስቀመጠች። «ቅዱስ ጊዮርጊስን ፈጭተው ይድራስ ተራራ ላይ በትነውት የለም? እግዜር ዱቄቱን ከሰበሰበ ያንተ ብሌን አይጠፋበትም» አለችው። ይህ የእናቴ እምነት ነው፤ የሚያመነታ ሰው ንስሓ አባቱን ቢጠይቅ ጥሩ ነው። ለሙስሊም ጎረቤቶቻችንም በ1988 እ.ኤ.አ. ጅዳ ላይ የተሰበሰበው የእስልምና ፊቅህ ጉባኤ ሟቹ ወይም ወራሾቹ ከፈቀዱ እንደሚቻል ወስኗል።

የሚከብደው ሰዓቱ ነው። ብሌኑ ሰው ባረፈ በ6 ሰዓት ውስጥ ቢነሣ ይመረጣል። ቁንዝላ ላይ ሌሊት ያረፈ ሰው ዘንድ ከአዲስ አበባ በዚህ ጊዜ ማን ይደርሳል? ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። ነገር ግን 6 ሰዓቱ ለማንሣቱ ነው እንጂ ለመትከሉ አይደለም። ከተነሣ በኋላ በማቆያ ፈሳሽ ውስጥ፣ በ4 ዲግሪ ቅዝቃዜ እስከ 14 ቀን ይቆያል። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ነው። ስለዚህ እዚህ ቁንዝላ የሚያስፈልገን የሠለጠነ ነርስና የክትባት መድኃኒት እንደሚመላለስበት ያለ ቀዝቃዛ ሳጥን ነው። በሌሎች አገሮች ይህን ሥራ የሠለጠኑ ቴክኒሻኖች ይሠሩታል፤ የቀዶ ሐኪም የግድ አይጠብቅም።

ሁለተኛው ችግር ደዋዩ ነው። ካርዱ በሟች ኪስ ውስጥ ነው፤ እያለቀሰ ኪስ የሚፈትሽ ልጅ የለም። ስለዚህ የመንጃ ፈቃዱ ጠረጴዛ ከ«ትፈቅዳለህ?» ቀጥሎ «ለማን ነገርክ?» ብሎ መጠየቅ አለበት፤ የዚያን ሰው ስልክም ይመዝግብ። ጥያቄውም ገንዘብ ከሚከፈልበት መስኮት ይልቅ ዐይን በሚመረመርበት ክፍል፣ ነርሷ ሁለት ደቂቃ ወስዳ ብታቀርበው እመርጣለሁ።

ደግሞም እናቴ መንጃ ፈቃድ የላትም፤ በቁንዝላ ገበያ የሚውል አብዛኛው ሰውም የለውም። በመንጃ ፈቃድ ብቻ ከመዘገብን የምንደርሰው ለወጣት፣ ለወንድና ለከተሜ ነው። በፋይዳ መታወቂያ ምዝገባ ላይም ይኸው ጥያቄ ቢጨመር ቀሪው ሰው ይገባል። ሞትን በሰዓቱ የሚሰማው ግን የትኛውም ቢሮ አይደለም፤ እድር ነው። ሰው ባረፈ በሰዓት ውስጥ ጡሩምባው ይነፋል፤ ድንኳኑ ይወጣል፤ ማን ወደየት እንደሚላክ ይከፋፈላል። ከሚላኩት አንዱ ስልክ ደዋይ ቢሆን፣ በእድሩ መዝገብም ከአባሉ ስም ጎን «ብሌን» የምትል ቃል ብትጻፍ፣ ቃሉ ከኪስ ይወጣል።

የወንድሜ ልጅ ሰኞ ጠዋት ወደ ባሕር ዳር ሊመለስ ሲነሣ እናቴ በር ላይ አስቆመችው። «የኔን የጠባሰ ዐይን ይወስዱት ይሆን?» አለችው። ባለሙያ አይቶ ይወስናል አልኳት። «እንግዲያው ያዩት» አለችና የእድሩ ጸሐፊ ቤት ድረስ በትሯን ይዛ ከእሱ ጋር ወጣች።